ሥራውን የማይደብቅ መኪና

«ባቡር» የሚለው ቃላችን ከሩቅ የመጣ ነው። አውሮፓውያን እንፋሎትን ከሚጠሩበት ስም ተነሥቶ፣ በዐረብኛ በኩል አልፎ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ባቡር ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ባቡር እንኳ ስንጠራ፣ ሳይታወቀን በእንፋሎት ስም እየጠራነው ነው ማለት ነው።

የእንፋሎት ባቡር ከመደበኛ አገልግሎት ከወጣ ረጅም ዘመን ሆኖታል። በአሜሪካ ትልልቆቹ የባቡር ኩባንያዎች እስከ 1960 ድረስ በናፍጣ ሞተር ተክተውታል (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ የእንፋሎት ባቡር ጭነት ሲጎትት በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ብዙ ሰዎች፣ ማታ ማታ ኮምፒዩተር ከፍተው የድሮ የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ሲነዱ ያመሻሉ። የሚነዱት በእውነተኛ ሐዲድ ላይ አይደለም፤ ሲሙሌተር በሚባለው፣ ባቡር መንዳትን አስመስሎ በሚያለማምድ ፕሮግራም ነው። ከእኛም መካከል ይህ ነገር የያዘን አለን።

ታዲያ በየእረፍቱ ስለ ቦይለርና ስለ ፒስተን ስናወራ የሰሙ ጓደኞቻችን፣ «ለመሆኑ እናንተ ነገ ክፍል ልትገቡ ነው ወይስ ሐዲድ ልትወጡ? የሞተ ብረት ምን ያደርግላችኋል?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም መልሱን በመተላለፊያ ላይ ቆመን በጩኸት ከምንሰጥ፣ አስበንበት በዚህ ግድግዳ ላይ ብንለጥፈው ይሻላል ብለናል።

በመጀመሪያ የመኪናውን ጠባይ እንመልከት። ድስት ተጥዶ ውኃው ሲፈላ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል። ይህን ያላየ ልጅ የለም። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በተራ የአየር ግፊት ከነበረው ይዘት ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ክዳኑን የሚያነሣውም ይኸው ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ማለት ደግሞ ክዳኑ እንዳይነሣ ተደርጎ የታሰረ፣ በጣም ትልቅ ድስት ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። እሳቱ በምድጃው ውስጥ ይነድዳል፤ ትኩሱ ጋዝ በቀጫጭን ቱቦዎች እያለፈ በዙሪያው ያለውን ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ታምቆ ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ ረጅሙን ዘንግ፣ ዘንጉም መንኮራኩሩን ያዞራል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ደግሞ በጭስ ማውጫው በኩል «ቹፍ» እያለ ሲወጣ አየሩን ከኋላው ይስባል፤ በዚህም እሳቱ ይበልጥ ይነድዳል። ባቡሩ ጭነት ሲከብደው እሳቱን ራሱ ያራግባል ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር የሚታይ መሆኑ ነው። በአሜሪካኖቹ ሎኮሞቲቮች ላይ ዘንጎቹ፣ ሲሊንደሮቹና መንኮራኩሮቹ ከውጭ ናቸው። ምክንያቱና ውጤቱ ፊት ለፊት ቆመዋል። የናፍጣውን ሎኮሞቲቭ ብንመለከት ግን ሁሉም ነገር በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተደብቋል፤ ይጮኻል፣ ይሄዳል፣ በቃ። በሥራ ውጤት የሚበልጠው ናፍጣው እንደሆነ አንክድም። የእንፋሎቱ ሎኮሞቲቭ ከሚበላው ነዳጅ ወደ ጉልበት የሚለውጠው ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም። የተሸነፈውም በፍትሐዊ ውድድር ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ለሥራ የማይመች ሆኖ ሳለ ለማስተማር ግን የሚመች ሊሆን ይችላል። ለአንድ ተማሪ ጉልበት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ በጣት እያመለከተ የሚያሳየው መኪና ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ ማስመሰያው እንምጣ። በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ላይ ጉልበት ስላዘዙት አይመጣም፤ አስቀድሞ መሠራት አለበት። ከፊታችን ዳገት አለ እንበል። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ከሰል ብንጨምር ምንም አይጠቅመንም፤ አዲሱ ከሰል እስኪቀጣጠል ድረስ እሳቱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ። ስለዚህ ከዳገቱ በፊት፣ ገና ሜዳ ላይ ሳለን፣ እሳቱን ማዘጋጀት ይገባናል። ውኃውም እንዲሁ ነው። ወደ ቦይለሩ አዲስ ውኃ ሲገባ ግፊቱ ይወርዳል፤ እንግዲህ ውኃውን ግፊት በተረፈን ጊዜ አስገብተን መጠበቅ አለብን። ደግሞም ውኃው የሚገባበት መሣሪያ የሚሠራው በዚያው በቦይለሩ እንፋሎት ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ዢፋር በ1858 የፈለሰፈው ይህ መሣሪያ፣ እንፋሎቱ ራሱ ከወጣበት ቦይለር ውስጥ መልሶ ውኃ እንዲገፋ ያደርጋል። ነገሩ ተረት ይመስላል፤ ግን ይሠራል።

ከዚያም ሁለቱ እጀታዎች አሉ። አንደኛው እንፋሎቱን ይከፍታል። ሁለተኛው ፒስተኑ በሚሄድበት መንገድ ላይ እንፋሎቱ እስከ የት ድረስ እንደሚገባ ይወስናል። ባቡሩ ሲነሣ ብዙ እንፋሎት ያስፈልጋል፤ ፍጥነት ካገኘ በኋላ ግን ጥቂት ብቻ አስገብቶ በገባው መስፋፋት መጠቀም ነው ጥበቡ። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ እጀታውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይፈነጥዛል፤ ኧረ ለጊዜው ይሮጥለታል! ጥቂት ቆይቶ ግን የግፊት መለኪያው መርፌ ወደ ታች ይሄዳል፤ ከዚያም ሃምሳ ፉርጎ ከኋላው አስከትሎ ዳገት መካከል ይቆማል። ማንም አልተቆጣውም፣ ማንም ዜሮ አልሰጠውም። የፈረደበት የፊዚክስ ሕግ ነው። ከዚህ የበለጠ ታጋሽ አስተማሪ ከወዴት ይገኛል?

እነዚህ ፕሮግራሞች በብዙ ሰው እጅ የገቡት ከ2001 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት የማይክሮሶፍት «ትሬይን ሲሙሌተር» እና በአውስትራሊያ የተሠራው «ትሬይንዝ» ወጡ። የሚገርመው ግን የማይክሮሶፍቱ ፕሮግራም ሲሸጥ በውስጡ የነበሩት ሁለት የአሜሪካ መስመሮች የናፍጣና የኤሌክትሪክ ነበሩ፤ እንፋሎቱ የእንግሊዝና የኦስትሪያ ነበር። የአሜሪካኖቹን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ቀርጸው የጨመሩት አፍቃሪዎቹ ናቸው። የድሮ ፎቶግራፍና የፋብሪካ ንድፍ እየመረመሩ፣ ብሎኑን ሳይቀር እየቆጠሩ ሠሯቸው። በኋላም ፈቃደኞች ተባብረው «ኦፕን ሬይልስ» የተባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አዘጋጁ፤ ይህም የሚነድደውን ከሰል፣ የሚተነውን ውኃና የሚወጣውን እንፋሎት እያሰላ ይሠራል። የፈለገ ሰው እሳቱን በራሱ ትእዛዝ ማንደድ ይችላል።

ለምን የአሜሪካኖቹን መረጣችሁ ለሚለን ደግሞ መልሳችን መልክአ ምድር ነው። አገሩ ሰፊ፣ ተራራው ከባድ፣ ጭነቱ ብዙ በመሆኑ ሎኮሞቲቮቹ በየመስመሩ ልክ ተሠርተዋል። «ቢግ ቦይ» የሚባለውን እንውሰድ። የዩኒየን ፓሲፊክ ኩባንያ ከዩታ ወደ ዋዮሚንግ በሚያልፈው የዋሳች ተራራ ላይ በየ100 ሜትሩ ከ1 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ዳገት ነበረበት። ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ለባቡር ግን ብዙ ነው። ከባድ ባቡር በመጣ ቁጥር ረዳት ሎኮሞቲቭ መቀጠል ግድ ስለነበረ፣ ያለ ረዳት የሚወጣ ጎታች ታዘዘ። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ስከነክተዲ በሚገኝ ፋብሪካ በ1941 ሃያ፣ በ1944 አምስት፣ በድምሩ 25 ተሠሩ። ከሰልና ውኃ ከሚጫንበት ተከታይ ፉርጎው ጋር ርዝመቱ 40 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ ነው። 90 ሺህ ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። ኩርባ ላይ እንዲታጠፍ ሁለት የመንኮራኩር ክፍሎች ተደርገውለታል። ስሙን ያገኘውም አንድ የፋብሪካው ወዛደር ፊቱ ላይ በጠመኔ ስለጻፈበት ነው። ጠመኔ ምን ያህል እንደሚችል ለእኛ መንገር አያስፈልግም። የወዛደሩ ስም ግን አልተመዘገበም።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። በካሊፎርኒያ የሲየራ ኔቫዳ ተራራ ላይ ሐዲዱ በረጃጅም ዋሻዎችና በረዶ መከላከያ በሆኑ የእንጨት መጠለያዎች ውስጥ ያልፍ ነበር። በዚያ ውስጥ ጭሱ ነጂዎቹን ያፍናቸዋል። የሳዘርን ፓሲፊክ መሐንዲሶች ምን አደረጉ? ሎኮሞቲቩን ወደ ኋላ አዞሩትና የነጂውን ክፍል ከፊት፣ ጭስ ማውጫውን ከኋላ አደረጉት። ከሰል ቢሆን ከኋላ ካለው ፉርጎ እስከ ፊት ድረስ በአካፋ ሊደርስ አይችልም፤ የሚነድደው የነዳጅ ዘይት ስለነበረ ግን በቱቦ ተልኮ ይደርሳል። ከእነዚህ አንዱ፣ በ1944 የተሠራው ቁጥር 4294፣ ዛሬ በሳክራሜንቶ ቤተ መዘክር ይገኛል። ስለዚህ አንድን ሎኮሞቲቭ በደንብ ያየ ሰው ተራራውን፣ ዋሻውንና ነዳጁን ከብረቱ ላይ ማንበብ ይችላል። ይህ ጂኦግራፊ ካልሆነ ምን ይሆናል?

በማስመሰያው ብቻ የሚገኙም አሉ። የኒው ዮርክ ሴንትራል ኩባንያ «ሃድሰን» የተባሉ ፈጣን ሎኮሞቲቮች ነበሩት፤ በ1938 ሄንሪ ድሬይፈስ የተባለው ንድፍ አውጪ አሥሩን የሚያምር የብረት ልብስ አልብሷቸው ነበር። ዛሬ ከእነዚያ ከኩባንያው ዋነኞቹ ሃድሰኖች አንድ እንኳ አልተረፈም። የፔንሲልቬኒያ ባቡር ኩባንያም «ቲ 1» ከተባሉት 52 ሎኮሞቲቮቹ አንዱንም ሳያስቀር ለቁርጥራጭ ብረት ሸጧቸዋል። እነዚህን ዛሬ ነድቻለሁ የሚል ሰው ካለ በኮምፒዩተር ነው የነዳቸው። ቢግ ቦይ ግን እድል ቀንቶት ስምንት ተርፈዋል፤ ከስምንቱም ቁጥር 4014 ተጠግኖ በግንቦት 2019፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው ሐዲድ 150ኛ ዓመት ሲከበር፣ እንደገና በራሱ እንፋሎት ሄዷል።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነው ሁሉ ውዳሴ ነው። ነገሩን በዚህ ብንዘጋው ግን ከእውነቱ ግማሹን እንደበቀን ይቆጠራል። ማስመሰያው የማያሳየን ነገር አለና።

በአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ሁለት መቀመጫ አለ። በቀኙ ነጂው፣ በግራው እሳት አንዳጁ ይቀመጣሉ። በማስመሰያው ላይ ሁለቱም እኛው ነን፤ አንዲት ቁልፍ ስንጫን ከሰል ይገባል። ወገብ አይቆረጥም፣ ፊት አይለበለብም፣ ላብ የለም። በእውነቱ ዓለም ግን ከሰሉን በአካፋ ሲያስገባ የሚውል ሰው ነበረ። በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል ደግሞ ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ጥቁር ነበር። በግራ ተቀምጦ ዕድሜ ልኩን ሥራውን ቢያውቅም፣ ወደ ቀኙ መቀመጫ እንዲሻገር አይፈቀድለትም ነበር። የነጂነት ዕድገት የሚሰጠው ለነጭ እሳት አንዳጆች ብቻ ነበርና።

ኬሲ ጆንስ የተባለውን ነጂ ዘፈን አገር ለአገር አዙሮታል። ሚያዝያ 30 ቀን 1900 ከሌሊቱ በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት ቮን በተባለች ጣቢያ፣ ከፊቱ ከቆመ የጭነት ባቡር ጋር ተጋጭቶ ሞተ። እስከ መጨረሻው ፍሬኑን ይዞ ስለቆየ ተሳፋሪዎቹ ተርፈዋል። ከእርሱ ጋር እሳት ሲያነድድ የነበረው ሲም ዌብ የተባለ ጥቁር ሠራተኛ ነው፤ ኬሲ «ዝለል» ስላለው ዘሎ ዳነ። ዘፈኑን መጀመሪያ ያወጣውም ዋለስ ሳንደርስ የተባለ፣ ሎኮሞቲቭ የሚወለውል ሌላ ጥቁር ላብ አደር ነው። የኬሲን ስም ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። የሲምንና የዋለስን ስም ስንቱ ያውቃል?

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይብሳል። ከሰሉን በጥምዝ ብረት እየገፋ ወደ ምድጃው የሚያስገባ መሣሪያ ተፈለሰፈ፤ የናፍጣ ሎኮሞቲቭም መጣ። የእሳት አንዳጁ ሥራ ቀለለ፣ ጸዳ። ሥራው በቀለለ ጊዜ ለጥቁሮቹ አልተተወም። በ1941 የነጮቹ እሳት አንዳጆች ማኅበር ከደቡቡ የባቡር ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ የጥቁሮቹን ድርሻ አስቀነሰ፤ ጥቁሮቹ ግን የማኅበሩ አባል መሆን አይፈቀድላቸውም ነበር። በአላባማ የሚኖር ቤስተር ዊልያም ስቲል የተባለ እሳት አንዳጅ ቦታው ተወስዶ፣ በአገልግሎት ዘመን ከእርሱ ለሚያንሱ ነጮች ተሰጠ፤ እርሱም ወደ ከባዱና ክፍያው ወዳነሰው ሥራ ተዛወረ። ስቲል ዝም አላለም፤ ከሰሰ። ጉዳዩን ይዞ የተሟገተለት ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነበር፤ ይህ ሰው ቀደም ሲል በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተማረ፣ ታዋቂውን ተርጉድ ማርሻልን ያፈራ መምህር ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1944፣ በስም ሁሉን እወክላለሁ የሚል ማኅበር በዘር ምክንያት አንዱን ወገን ሊበድል አይችልም ሲል ፈረደ። ፍርዱ ወዲያው የቀኙን መቀመጫ አላስገኘም፤ መንገዱን ግን ከፈተ።

እንግዲህ እኛ ማታ ማታ ያለ ምንም ከልካይ የምንቀመጥበት ያ የቀኝ መቀመጫ እንዲህ ያለ መቀመጫ ነው። ማስመሰያው ለማንም ክፍት ነው፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ድሮም እንዲሁ ክፍት የነበረ ያስመስላል። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብን።

ሁለተኛው የማይታይ ነገር አደጋው ነው። የምድጃው ጣሪያ ዘወትር በውኃ መሸፈን አለበት። ውኃው ጎድሎ ጣሪያው ከተገለጠ፣ ብረቱ በእሳቱ ግለት ይለሰልስና ግፊቱ ይቀድደዋል። በማስመሰያ ላይ ይህ ቢሆን ጨዋታው ይቆማል፤ እንደገና መጀመር ነው። በሰኔ 1995 ግን በፔንሲልቬኒያ ክፍለ ግዛት ጎብኚዎችን በያዘ የእንፋሎት ባቡር ላይ በእውን ደረሰ፤ ሎኮሞቲቩ ላይ የነበሩ ሦስት ሠራተኞች ተቃጥለው ቆሰሉ። የመርማሪው ቦርድ ምክንያቱን ሲያጣራ፣ የውኃውን ልክ የሚያሳየው መሣሪያ በአግባቡ አልተጠበቀም፣ ሠራተኞቹም በቂ ሥልጠና አልነበራቸውም። በ1999 የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች መመርመሪያ ደንብ ተሻሻለ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ብዙ ይናገራል። ድሮ አንድ እሳት አንዳጅ ነጂ ከመሆኑ በፊት ዓመታት ከአዋቂ ጎን ተቀምጦ ይማር ነበር። መኪናዎቹ ሲቀሩ ያ ሰንሰለት ተበጠሰ። ብረቱ ቢተርፍም እውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ፣ ብረቱ ራሱ ይገድላል። ማስመሰያው ከዚህ እውቀት የተወሰነውን ይዞልናል፤ ቅደም ተከተሉን፣ አስቀድሞ ማሰብን፣ ምክንያትና ውጤትን። እጅን ግን አያስተምርም። የብረቱን ሽታ፣ የእሳቱን ቀለም አይቶ ማወቅን፣ ከመሳሳት የሚመጣውን ፍርሃት አይሰጥም።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምንመልሰው ይህ ነው። የሞተ ብረት ያደርግልናል። እኛ ነገ ይዘን የምንገባው አብዛኛው መሣሪያ ማስመሰያ ነው። ሉሉ ምድርን ያስመስላል፣ ካርታው አገርን፣ የጭቃው ቅርጽ ልብንና ሳንባን። ማስመሰያ ጥሩ የሚሆነው ተማሪውን እውነተኛውን ነገር እንዲፈልግ ሲያደርገው ነው። ያን ደግሞ ለብቻው አይችለውም። «ይህ መሣሪያ ይህን ይህን ትቷል» ብሎ የሚናገር ሰው ከጎኑ መቆም አለበት። ያ ሰው መምህሩ ነው።

እንግዲህ ከመካከላችን አንዱ ነገ ሳይንስ ሊያስተምር ገብቶ፣ ድስት ጥዶ፣ ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ ለልጆቹ ቢያሳይ ደስ ይለናል። ስለ ፒስተኑና ስለ መንኮራኩሩም ይንገራቸው። ከዚያ ግን ደወሉ ሳይደወል አንድ ጥያቄ ይጨምርበት፤ «እሳቱን ያነድድ የነበረው ማን ነው?» ይበላቸው። ስቲል የሚባል ሰው እንደነበረ ቢሰሙ፣ ከቢግ ቦይ ክብደት ይልቅ እርሱን ያስታውሱ ይሆናል።

ማስመሰያውን ለማየት የሚፈልግ ካለ ይምጣ፤ የግራውንም የቀኙንም መቀመጫ እናሳየዋለን። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን።